ድሬዳዋ ቤት ልትከራዩ ነው? ከኪራዩ በፊት የወሩን ወጪ ደምሩ

ድሬዳዋ ሥራ አግኝቶ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቤት ስንት ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። እዚህ ከተማ ከኪራዩ ጋር ሦስት ነገር አብሮ ይከፈላል፦ ሙቀቱ፣ ውሃውና ባጃጁ። ደላላው የሚነግራችሁ ኪራዩን ብቻ ነው። የቀረውን የምታውቁት ዕቃ አስገብታችሁ ከተኛችሁ በኋላ ነው።

እኔ የመጣሁት ጥር ላይ ነበር። ጥር የድሬ ደጉ ወር ነው። ማታ ማታ ነጠላ ደረብ ያስደርጋል። ሳቢያን በኩል ኮንዶሚኒየም አየሁ፤ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፣ ነፋሱ ደስ ይላል፣ ዋጋውም ከታቹ ፎቅ ይቀንሳል። ተከራየሁ። ግንቦት ሲገባ ግን ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንኳ ግድግዳውን በእጄ ስነካው ይሞቃል። ውሃ ደግሞ እኛ ፎቅ ድረስ የሚወጣበት ቀን ትንሽ ነው። ሁለት ቬንትሌተር ገዛሁ፣ ጀሪካን የሚያወጣ ልጅ ቀጠርኩ፣ በስድስተኛው ወር ለቀቅኩ። አንዲት የጎረቤት እናት ያኔ ያሉኝን ዛሬም ለሰው እናገራለሁ፦ «ልጄ፣ የድሬ ቤት በጥር አይታይም።»

ከዚያ ወዲህ ለራሴም፣ ከሌላ ከተማ ለሚመጡ የሥራ ባልደረቦቼም ብዙ ቤት አይቻለሁ። የምሄድበትን ቅደም ተከተል ልጻፍላችሁ።

አንድ፦ መጀመሪያ እንግድነት ያዙ

ከተቻላችሁ መጥታችሁ በማግስቱ ቤት አትከራዩ። ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ጋ ሁለት ሳምንት ተቀመጡ። ሰው ከሌላችሁ ለአጭር ጊዜ በደባልነት ክፍል ያዙ። በነዚህ ቀናት የምትሠሩበትን ቦታ፣ ልጅ ካላችሁ የሚማርበትን ትምህርት ቤት፣ ገበያውን በእግራችሁና በባጃጅ ተመላለሱበት። ሩቅ የመሰላችሁ ቅርብ፣ ቅርብ የመሰላችሁ ሩቅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለምን ቢባል ድሬ ውስጥ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። እኩለ ቀን ላይ 15 ደቂቃ በእግር መሄድ ሌላ ከተማ ውስጥ አንድ ሰዓት እንደመሄድ ነው።

ሁለት፦ ሰፈር ምረጡ

ድሬዳዋ ከባቡር ጋር የተወለደች ከተማ ናት። የጅቡቲው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። ከተማዋን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ወንዝ ይሆናል። በአንዱ ወገን ከዚራ አለ፣ በሌላው መጋላ።

ከዚራ የባቡሩ ሰዎች ያቀዱት ሰፈር ነው። መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፣ ዛፉ ብዙ ነው። ጥላ ደግሞ እዚህ ከተማ ገንዘብ ነው። የድሮዎቹ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ከብዙ አዳዲስ ቤት ይልቅ ይቀዘቅዛሉ። ችግሩ የሚከራይ ቤት በቀላሉ አለመገኘቱ ነው፤ ሲገኝም ዋጋው እንደ ስሙ ነው። ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ደግሞ የመንግሥት ናቸው። ስለዚህ የሚያከራያችሁ ሰው እሱ ራሱ ተከራይ ሊሆን ይችላል። የቀበሌ ቤት በእጅ አዙር ብትከራዩ ቀበሌው ባወቀ ቀን የምትወጡት እናንተ ናችሁ።

መጋላ ጥንታዊው የንግድ ወገን ነው። ቤቶቹ የተጠጋጉ ናቸው፣ ግቢ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ አብሮ ይኖራል። ቀፊራ ገበያ በእግር ይደረሳል። ጠዋት ከቤት ወጥታችሁ ፈጢራና ፉል፣ ማታ ሳንቡሳ፣ ሁሉ ደጃችሁ ላይ ነው። ድምፅ የማይወድ ሰው ይቸገር ይሆናል፤ ብቻውን ለመጣ ሰው ግን እንዲህ ያለ ጎረቤት ያለበት ሰፈር እኔ አላየሁም። ስትታመሙ ሾርባ የሚያመጣላችሁ ሰው በኪራዩ ዋጋ ውስጥ አይጻፍም እንጂ ዋጋው ትልቅ ነው።

ሳቢያን ሰፊ ነው፣ አዳዲስ ቤትና ኮንዶሚኒየም የሚበዛው እዚያ ነው። ምርጫ ስላለ ለመደራደርም ይመቻል። ጥላው ግን ትንሽ ነው፣ ወደ መሀል ለመምጣትም ባጃጅ ያስፈልጋል። ለገሃሬ፣ ነምበር ዋን፣ አዲስ ከተማና ገንደ ቆሬ በኩልም የግቢ ቤትና ሰርቪስ ክፍል ይገኛል። መልካ ጀብዱ ከመሀል ከተማው ወጣ ይላል። እዚያ አካባቢ ለሚሠራ ሰው ካልሆነ መመላለሻው ይከብዳል።

ስለ ደቻቱ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይጥል ከላይ ከተራራው፣ ከሐረርጌ ደጋ በኩል የዘነበው ውሃ ነው የሚወርደው። ከዚያ ወዲህ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ያም ሆኖ በደቻቱም በሌሎቹም ደረቅ ወንዞች ዳር ያለ ቤት ርካሽ ከሆነ፣ ለምን ርካሽ እንደሆነ የድሮ ነዋሪ ጠይቁ። «በክረምት ውሃው እስከ የት ይደርሳል?» በሉ። ጣቱን ቀስሮ ያሳያችኋል። ቦታው ከምትከራዩት ቤት ደጃፍ በላይ ከሆነ ሌላ ቤት ፈልጉ።

ሦስት፦ አማካይ ኪራዩን ራሳችሁ አውጡ

«የድሬዳዋ አማካይ ኪራይ» ተብሎ የሚነገር ቁጥር ብዙ አይጠቅማችሁም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል። የዓምናውን ይዛችሁ ብትመጡ ከደላላው ጋር ትጣላላችሁ። ከዚያም በላይ አማካይ ራሱ ያታልላል።

እንዲህ አድርጉ። በምትፈልጉት ሰፈር ብቻ፣ በምትፈልጉት ስፋት ብቻ፣ ቢያንስ ሰባት ቤት ጠይቁ። ዋጋቸውን ከትንሽ ወደ ትልቅ ጻፉ። ለምሳሌ 5,000፣ 5,500፣ 6,000፣ 6,000፣ 6,500፣ 7,000 እና 20,000 ብር አገኛችሁ እንበል። (ቁጥሮቹን ለስሌቱ ብዬ ያመጣኋቸው ናቸው።) ደምራችሁ ለሰባት ብታካፍሉ 8,000 ይወጣል። ግን ከሰባቱ አንዱም 8,000 አይደለም! የመጨረሻው ዕቃ የተሟላለት፣ ለድርጅት ሠራተኛ የተዘጋጀ ቤት ስለሆነ ነው አማካዩን የሰቀለው። እናንተ መሀል ላይ ያለውን፣ አራተኛውን ቁጥር ውሰዱ። 6,000 ነው። ድርድራችሁን ከዚያ ጀምሩ።

ሰባቱን ቤት በአንድ ደላላ አትጠይቁ። ሁለት ከደላላ፣ ሁለት በር ላይ «የሚከራይ ቤት» ብለው ከለጠፉ ሰዎች፣ የቀረውን ደግሞ ከሱቅ፣ ከቡና አፍይዋ፣ ከባጃጅ ሹፌሩ። ድሬ ላይ ሰው መረጃ አይደብቅም። ሰላምታ ከሰጣችሁና ትንሽ ከተጫወታችሁ፣ ባለሱቁ የሰፈሩን ኪራይ ቤት በቤት ይነግራችኋል። እንዲያውም «እዚያኛውን እንዳትገቡ፣ ውሃ የለውም» ብሎ ያስጠነቅቃችኋል።

ሰዓት ምረጡ። ከምሳ በኋላ እስከ 10 ሰዓት ገደማ ከተማው ያርፋል። ሱቅ ይዘጋል፣ የበርጫ ሰዓት ነው፣ ሰው ጥላ ስር ነው። በዚያ ሰዓት በር ብታንኳኩ ባለቤቱ ቢከፍት እንኳ ልቡ አይከፍትም። ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ውጡ።

አራት፦ ቤቱን ሦስት ጊዜ እዩት

ብዙ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። እኔም መጀመሪያ የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነው። አንድ ጊዜ አይቶ ቀብድ መስጠት።

የመጀመሪያው ጉብኝት ጠዋት ይሁን። ብርሃኑን፣ ጽዳቱን፣ መጸዳጃውን የምታዩበት ነው። ስንት ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤት እንደሚጠቀም ጠይቁ። በዚህ ብዙ አልቆይም፤ በየትኛውም ከተማ ያለ ነገር ነው።

ሁለተኛው ጉብኝት 9 ሰዓት ላይ ነው። ቀድማችሁ ደውላችሁ ባለቤቱን ይቅርታ ጠይቁና ቀጠሮ ያዙ፤ የዕረፍቱ ሰዓት ስለሆነ ነው። ግን ይህን ሰዓት አትለፉት። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ቀን ቀን 35 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይወጣል። ቤቱ ውስጥ ገብታችሁ በሩን ዝጉና አሥር ደቂቃ ቁጭ በሉ። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ኮርኒስ አለው? ኮርኒስ ከሌለው ቀን ላይ ቤት ውስጥ መቀመጥ አይታሰብም። መስኮቱ በሁለት ወገን ነው ወይስ በአንድ? በሁለት ወገን ከሆነ ነፋስ ያልፋል። የምትተኙበት ክፍል ግድግዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ማለትም ወደ ምዕራብ የዞረው ነው? እንዲያ ከሆነ ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ከመጨረሻው ፎቅ ይልቅ መካከለኛውን ፈልጉ። ከላያችሁ ያለው ቤት ጥላችሁ ነው። ግቢው ውስጥ ኒም ወይም ማንጎ ዛፍ ካለ፣ እኔ ብሆን ለዚያ ዛፍ ስል ኪራይ እጨምራለሁ።

ሦስተኛው ጉብኝት ማታ ይሁን። መብራቱ፣ ጭፈራው፣ ውሻው፣ መንገዱ። ሴት ተከራይ ከሆናችሁ ከዋናው መንገድ እስከ በሩ በምሽት በእግር ሂዱበት፤ ባጃጅ እስከ በር የማይገባበት ቅያስ ብዙ ነው።

አሁን ውሃ። ለባለቤቱ «ውሃ አለ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «አለ» ነው መልሱ። እንዲህ ጠይቁ፦ «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን መጣ? ስንት ሰዓት ላይ? ግፊቱ እዚህ ድረስ ያወጣዋል?» ያንኑ ጥያቄ ለጎረቤት ድገሙት። ሁለቱ መልስ ካልገጠመ ጎረቤቱን እመኑ።

ከዚያ አስሉ። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብንይዝ አራት ሰው ላለበት ቤት 200 ሊትር ነው፤ አሥር ጀሪካን ማለት ነው። ውሃው በየሦስት ቀኑ የሚመጣ ከሆነ 600 ሊትር ማስቀመጫ ያስፈልጋል። ስለዚህ 500 ሊትር ሮቶ አይበቃችሁም፣ 1,000 ሊትሩ ይሻላል። ግቢው የጋራ ሮቶ ካለው ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ቆጥራችሁ አካፍሉ። ሮቶ ከሌለ የመግዣው ወጪ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። እናንተ የምትገዙ ከሆነ ስትለቁ ይዛችሁት እንደምትወጡ ውሉ ላይ ይጻፍ።

የድሬ ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚወጣው፣ ካልሲየሙ ከባድ ነው። ማስረጃ ከፈለጋችሁ የባለቤቷን የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጡን እዩት። ነጭ ቅርፊት ይዟል። ይሄ ቅርፊት የሻወሩን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ማሞቂያውን ያበላሻል፣ ቧንቧውን ያጠባል። ሳሙናም ቶሎ አረፋ አይሰጥም። ስለዚህ በወር ዝርዝራችሁ ላይ ሳሙናውን ከለመዳችሁት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። የመጠጥ ውሃ እየገዛ የሚጠጣም ብዙ ሰው አለ፣ እሱንም ጻፉት።

ያጠራቀማችሁትን ውሃ ክደኑት። ይህን አደራ የምለው ከልቤ ነው። በ2006 ዓ.ም. የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. መገጣጠሚያ የሚያሳምመው ችኩንጉንያ ይህችን ከተማ አንገላቷታል። በሁለቱም ጊዜ ያስተላለፈችው ትንኝ ቀን የምትናከስ፣ ቤት ውስጥ በተቀመጠ ንጹሕ ውሃ ላይ የምትራባ ናት። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ ያኔ የተገኘችውም አዲስ ዓይነት የወባ ትንኝ የውሃ ማጠራቀሚያ ትወዳለች። በርሜሉ ክዳን ከሌለው ወፈር ባለ ጨርቅ ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ በየሳምንቱ ፍቃችሁ እጠቡት። አጎበርና የመስኮት ወንፊት የመግቢያ ወጪያችሁ ውስጥ ይግባ። ሦስት ሳምንት በመገጣጠሚያ ሕመም አልጋ ላይ መዋል የስንት ወር ኪራይ እንደሚበላ ያየ ያውቀዋል።

አምስት፦ ቆጣሪውን ጠይቁ

መብራት ድሬ ላይ ከሌላው ከተማ የበለጠ ይፈጃል፣ ምክንያቱም ቬንትሌተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም። 70 ዋት የሚፈልግ ቬንትሌተር በቀን 12 ሰዓት ቢሠራ በወር 25 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይሄ የሚያስፈራ አይደለም። 1,500 ዋት የሚስብ ኤሲ ግን በቀን 6 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሠራ 270 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። የአሥር ቬንትሌተር ማለት ነው። «ኤሲ ያለው ቤት» ተብሎ ኪራይ ሲጨመርባችሁ፣ ጭማሪው የማሽኑ ብቻ መሆኑን አትርሱ። የሚበላው መብራት የሚከፈለው ከእናንተ ኪስ ነው።

ትልቁ ጥያቄ ግን ቆጣሪው የግል ነው የጋራ የሚለው ነው። የመብራት ታሪፍ በእርከን ነው፤ ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይወጣል። ሦስት ቤተሰብ እያንዳንዱ 60 ቢጠቀም በጋራ ቆጣሪው ላይ 180 ሆኖ ይመጣል። ለየብቻ ቢሆኑ ዝቅተኛው አካባቢ የሚቀሩ ሰዎች አንድ ላይ ሆነው የከፍተኛውን ይከፍላሉ። የጋራ ከሆነ እንዴት እንደሚካፈል ጠይቁ፦ በሰው ብዛት፣ በክፍል ብዛት ወይስ ባለቤቱ በገመተው?

ምጣድንም ጠይቁ። ብዙ አከራይ «ምጣድ አይቻልም» ይላል፣ የሚለውም ከገባችሁ በኋላ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት ብትጋግሩ በወር 56 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ካልተፈቀደላችሁ እንጀራ መግዛት ወይም በከሰል መጋገር ነው፤ እሱን ወደ ምግብ ወጪው አዛውሩት።

ስድስት፦ ሁለት ቤት አስቀምጡና ደምሩ

እስካሁን የሰበሰባችሁትን አሁን ወረቀት ላይ አውጡት። ባልና ሚስት ሁለቱም ሥራ የሚሄዱ ናቸው እንበል፣ በወር 26 ቀን። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቁጥር ተኩ።

የመጀመሪያው ቤት ኪራዩ 6,000 ብር ነው፣ ከመሀል ራቅ ይላል። ለአንድ ሰው የባጃጅ ደርሶ መልስ በቀን 60 ብር ቢሆን ለሁለት ሰው በወር 3,120 ብር ነው። ውሃው ስለማይደርስ በሳምንት 15 ጀሪካን በአሥር ብር ቢገዛ በወር 600 ብር። ሲደመር 9,720 ብር።

ሁለተኛው ቤት ኪራዩ 8,000 ብር ነው። አንዳቸው በእግር ሥራ ይሄዳሉ፣ የሌላኛቸው ባጃጅ በቀን 30 ብር፣ በወር 780 ብር ነው። ውሃው ኪራዩ ውስጥ ነው። ሲደመር 8,780 ብር።

በ2,000 ብር «የሚወደደው» ቤት በወር 940 ብር ይረክሳል። ከዚህ ላይ ማታ የምትተኙትን እንቅልፍ አልደመርኩም። ስሌቱ ሁልጊዜ ለቅርቡ ቤት አያደላም። ብቻውን የሚኖር፣ መሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ መኪና የሚልክለት ሰው የራቀውን ቢይዝ ያተርፋል። ደምሮ ማየት ነው።

የባጃጁን ዋጋ ስታወጡ በሁለት መንገድ ጠይቁ። ከሌላ ሰው ጋር ተጋርቶ የሚሄደው አንድ ዋጋ ነው፣ ኮንትራት ሌላ ነው። ዕቃ ከያዛችሁ፣ ልጅ ካለ ወይም ከመሸ ኮንትራት ነው የምትይዙት። በሳምንት ሁለት ኮንትራት ብትጨምሩ ሂሳባችሁ ወደ እውነቱ ይጠጋል። ነዳጅ በጨመረ ሳምንት ታሪፉም ይንቀሳቀሳል።

ሰባት፦ የሚበላውን በድሬ ልክ አስቡት

ከሸዋ ወይም ከጎጃም የመጣ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የአገሩን ማጀት ይዞ ይመጣል። ጤፍ ከሩቅ ተጭኖ ስለሚመጣ ማጓጓዣው ዋጋው ላይ አለ። በሙቀቱ ሊጥ ቶሎ ይቦካል፣ እንጀራም ቶሎ ይሻግታል። አንድ ጊዜ ጋግሮ ሳምንቱን መብላት እዚህ አይሠራም። በትንሽ በትንሹ ጋግሩ ወይም ግዙ። ዱቄት በብዛት አታስቀምጡ፣ ነቀዝ ይገባዋል። የድሬ ሰው እኮ ሳምንቱን በእንጀራ ብቻ አያሳልፍም። ሩዙ አለ፣ ፓስታው አለ፣ ዳቦው፣ ፉሉ አለ። ልጆች ካላችሁ ቶሎ ይለምዱታል፣ ወጪውም ይቀላል።

አትክልቱ ከደጋው ይወርዳል። ከሐሮማያ፣ ከአወዳይና ከምሥራቅ ሐረርጌው ኮምቦልቻ ድንችና ሽንኩርት ጠዋት ይገባል። ቀፊራ ሂዱ፣ በማለዳ። ከደጃችሁ ጉልት ጋር አወዳድሩት፤ ልዩነቱ የባጃጁን ዋጋ ካልሸፈነ ጉልቷ ትሻላለች። ለሁለት ሰው የሚሆን አትክልት ለመግዛት ቀፊራ ድረስ መሄድ ኪሳራ ነው፤ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ ለሁለት ቤት ስትገዙ ግን ያዋጣል። ለቤት ዕቃና ለልብስ ታይዋንና አሸዋ የሚባሉት ገበያዎች አሉ። ቬንትሌተራችሁን ጥር ወይም የካቲት ላይ ግዙ። ግንቦት ላይ ሁሉም ሰው ፈላጊ ነው።

ስምንት፦ ደላላና ውል

የደላላውን ኮሚሽን ቤት ለማየት ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ከአከራዩም ከናንተም ይቀበላል፣ ስለዚህ ስንት እንደሆነ ቁጥሩ ይታወቅ። «ሌላ ሰው ቀብድ ሊሰጥ ነው» ካላችሁ «ይስጥ» በሉ። ተቻኩዬ የከፈልኩት ቀብድ ሁሉ ቆጭቶኛል።

አከራዩ የቤቱ ባለቤት መሆኑን በካርታው ወይም በውክልናው አረጋግጡ፣ መታወቂያውን ከወረቀቱ ጋር አስተያዩ። ማፈር አያስፈልግም፤ ቅን አከራይ አይከፋውም። «ይቅርታ አባቴ፣ ሥርዓቱ ስለሆነ ነው» ማለት ይበቃል።

ሕጉንም እወቁት። በመጋቢት 2016 የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። ከውስጡ እነዚህን ያዙ። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ ከተፈረመም በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። አከራዩ ባሰኘው ጊዜ አይጨምርም፤ ጭማሪ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ነው። የምትመዘገቡበትን ጽሕፈት ቤት ቀበሌያችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ።

«የስድስት ወር አንድ ላይ አምጣ» የሚል አከራይ ገጥሞኝ ያውቃል። ሕጉን በትሕትና ነገርኩት። አልተስማማንም፣ ቤቱን ተውኩት። ሁሉም እንደዚያ አይደለም፤ ሌላ ጊዜ ይህንኑ የነገርኳቸው እናት «ሁለት ወር ይበቃኛል፣ አንተ ብቻ ቤቴን በደንብ ያዝልኝ» ብለውኛል። ሁለት ዓመት ኖርኩ።

ውሉ ላይ ከኪራዩ ሌላ እነዚህ ይግቡ፦ ውሃና መብራት ማን እንደሚከፍልና እንዴት እንደሚካፈል፣ ምጣድ መፈቀዱ፣ ስንት ሰው እንደሚኖርበት፣ እንግዳ ማሳደር መቻሉ፣ የጥበቃና የቆሻሻ ክፍያ፣ የፓምፕ ወይም የቧንቧ ጥገና የማን እንደሆነ። በቃል የተባለ ነገር በሦስተኛው ወር ይረሳል።

ዘጠኝ፦ የመግቢያውን ብር ለይታችሁ ያዙ

የመጀመሪያው ወር ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም። 6,000 ብር ለሚከራይ ቤት የሁለት ወር ቅድሚያ 12,000 ብር ነው። ከዚያ የደላላ፣ የዕቃ ማመላለሻ፣ ሮቶ ወይም በርሜል፣ ቬንትሌተር፣ አጎበር፣ የበር ቁልፍ መቀየሪያ። የበሩን ቁልፍ መቀየር አትርሱ። በፊት የነበረው ተከራይ ቁልፍ ለማን ለማን እንደሰጠ አይታወቅም። ይህን ሁሉ ደምራችሁ ብሩ ከሌላችሁ አንድ ወር ቆዩ፤ ተበድሮ ከመግባት በደባልነት መቆየት ይሻላል።

ቁልፍ የምትረከቡበት ቀን ከአከራዩ ጋር ሆናችሁ ቤቱን ዙሩ። የተሰነጠቀ መስታወት፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የተላጠ ግድግዳ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ቧንቧውን ሁሉ ክፈቱ። ከዚያ ወደ ቆጣሪዎቹ ሂዱ። የመብራቱንና የውሃውን ንባብ ፎቶ አንሱና ቁጥሩን ከነቀኑ በውሉ ጀርባ ጻፉ። የቀድሞው ተከራይ ያልከፈለው ካለ አከራዩ እዚያው ይፈርምበት። ሁለታችሁም ከፈረማችሁ በኋላ ዕቃው ይግባ፤ ቀድሞ የሚገባው ግን የውሃው በርሜል ይሁን፣ ውሃ ማታ ሊመጣ ይችላል።